«ይሻላል» ስንል በምን?
(የማወዳደሪያ ድርሰት አጻጻፍ)

ሀ. መግቢያ

ከዚህ ቀደም አንድን ነገር ብቻውን ወስዶ መግለጽ እንዴት እንደሆነ ተምራችኋል። በዚህ ትምህርት ደግሞ ሁለት ወይም ሦስት ነገሮችን ጎን ለጎን አቁሞ የአንዱን ጠባይ በሌላው መለካት፣ ማለትም ማወዳደር፣ እንዴት እንደሚጻፍ እንመለከታለን። ማወዳደር ከመግለጽ የሚከብድበት ምክንያት አለው። የሚገልጽ ጸሐፊ ያየውን በትክክል ቢናገር ይበቃዋል፤ የሚያወዳድር ጸሐፊ ግን ፍርድ ይሰጣል። ያን ፍርድ አምኖ ገንዘቡን የሚያወጣ ሰው ሊኖር ይችላል። ስለዚህ «ይሻላል» የሚለው ቃል ከብዕራችሁ ከመውጣቱ በፊት «በምን? ለማን? በየትኛው መንገድ?» ብላችሁ ራሳችሁን ጠይቁ።

ለምሳሌ የመረጥነው ነገር ሞተር ብስክሌት ነው። በአገራችን የምታዩዋቸው ሞተር ብስክሌቶች አብዛኞቹ ለዕለት ሥራ የሚያገለግሉ ቀላል ተሽከርካሪዎች ናቸው፤ የሞተራቸውም መጠን ብዙውን ጊዜ ከ200 ሲ.ሲ. አይበልጥም። ምንባቡ የሚናገርላቸው ግን የአሜሪካ፣ የጃፓንና የጀርመን ፋብሪካዎች ሰፊ አውራ ጎዳና ላለበት አገር ያሰቧቸው፣ በአንድ ቀን ብዙ መቶ ኪሎ ሜትር የሚጓዙ ከባድ ሞተር ብስክሌቶች ናቸው።

በሌላ በኩል፣ የግልቢያን ጠባይ ለመግለጽ አማርኛችን ድኻ አይደለም። አባቶቻችን መንገድ ሲወጡ በበቅሎ ይቀመጡ ነበር፤ ፈረሱ ለጦርና ለጉግስ እንዲሆን እየተሳበ ይከተላል። ፈረሱ ከበቅሎዋ ያነሰ ስለሆነ አልነበረም። ሰጋር በቅሎ የተቀመጠባትን ሰው ሳታንገጫግጭ ቀኑን ሙሉ ትሄዳለች፤ የፈረስ ደንገላሳ ደግሞ ልብን ያሞቃል እንጂ ወገብን አያሳርፍም። ይህን ልዩነት በልቡናችሁ ይዛችሁ ምንባቡን አንብቡ።

ለ. ምንባብ
ሦስት ከባድ ሞተር ብስክሌቶች

ለረጅም ጉዞ የሚመረጡ ከባድ ሞተር ብስክሌቶች በሁለት ወገን ይከፈላሉ። አንደኛው ወገን ክሩዘር ይባላል። መቀመጫው ዝቅ ያለ፣ መሪው ወደ ጋላቢው የተሳበ፣ የእግር ማሳረፊያው ወደ ፊት የወጣ ነው። ሁለተኛው ወገን ቱሪንግ ይባላል። እርሱም ጋላቢውን ከንፋስ የሚከልል ሰፊ ሽፋንና መስታወት፣ እንዲሁም የዕቃ ሣጥኖች አሉት። ልዩነቱ ግን በመልክ ብቻ አያበቃም።

የክሩዘርን ጠባይ ለማወቅ የ2018 ሞዴል የሆነውን የሃርሊ ዴቪድሰን ሄሪቴጅ ክላሲክ እንውሰድ። ሃርሊ ዴቪድሰን እ.ኤ.አ. በ1903 በአሜሪካ በሚልዎኪ ከተማ የተመሠረተ ነው። የዚህ ሞተር ብስክሌት ሞተር ሁለት ሲሊንደሮች ብቻ አሉት፤ በ45 ዲግሪ ተከፍተው ሹካ መስለው ቆመዋል። የሁለቱም ፒስተኖች ክንድ በአንድ ዘንግ ላይ ስለ ተያያዘ ሞተሩ በእኩል ልዩነት አይተኩስም። አንዱ ሲሊንደር ከተኮሰ በኋላ ሌላው 315 ዲግሪ ቆይቶ ይተኩሳል፤ ቀጥሎ የ405 ዲግሪ ዝምታ ይመጣል። ያ የታወቀው የሚያነክስ ድምፅ የሚወለደው ከዚህ ነው። ድምፁን የሚወዱ ሰዎች «ሞተሩ ልብ አለው» ይላሉ፤ የማይወዱት ደግሞ «ይንቀጠቀጣል» ይላሉ። ሁለቱም የሚናገሩት ስለ አንድ ነገር ነው። ፋብሪካው ይህን ንዝረት ለማለዘብ በሞተሩ ውስጥ ሚዛን የሚጠብቁ ዘንጎች አግብቷል፤ ሆኖም ፈጽሞ አላጠፋውም፤ ቢያጠፋው ኖሮ የሚገዛው ሰው ቅር ባለው ነበር።

የሄሪቴጅ ክላሲክ መቀመጫ ከመሬት ያለው ከፍታ ከ70 ሳንቲ ሜትር በታች ነው። ቁመቱ አጭር የሆነ ሰው እንኳ ሁለቱንም እግሮቹን መሬት ላይ ረግጦ ሊቆም ይችላል፤ 330 ኪሎ ግራም ገደማ የሚመዝነውን ብረት በመብራት ማቆሚያ ላይ ሲይዝ ይህ ትልቅ እፎይታ ነው። ነገር ግን እግር ወደ ፊት ሲዘረጋ የሰውነት ክብደት በሙሉ በጭራ አጥንት ላይ ያርፋል። ጎማው ጉድጓድ ሲመታ ጋላቢው እግሩን ረግጦ ብድግ ለማለት አይችልም፤ ድንጋጤውን ወገቡ ይቀበለዋል። ከተማ ውስጥ ሲሆን ደግሞ የኋላው ሲሊንደር ከጭኑ ሥር ስለሆነ ሙቀቱ ይሰማዋል። ለአንድ ሰዓት ሲቀመጡበት እንደ ሳሎን ወንበር የደላው አቀማመጥ በአምስተኛው ሰዓት ሌላ ነገር ይሆናል።

የጃፓኑ ሆንዳ ፋብሪካ የሠራው ጎልድ ዊንግ ከዚህ ፈጽሞ የተለየ ነው። የመጀመሪያው ጎልድ ዊንግ እ.ኤ.አ. በ1974 በጀርመን በኮሎኝ ከተማ ትርኢት ላይ ሲታይ አራት ሲሊንደሮች ነበሩት፤ ከ1988 ጀምሮ ስድስት ሆኑ። ሲሊንደሮቹ ሦስቱ በግራ፣ ሦስቱ በቀኝ ተጋድመዋል። አንዱ ፒስተን ወደ ግራ ሲወረወር ባላንጣው ወደ ቀኝ ስለሚወረወር እርስ በርሳቸው ይጣፋሉ። ስለዚህ የጎልድ ዊንግ ሞተር ከሄሪቴጅ ክላሲክ ሞተር ይልቅ እጅግ የለሰለሰ ነው። ሰጋር ብንለው አልተሳሳትንም። ሲሊንደሮቹ ዝቅ ብለው ስለ ተጋደሙም ክብደቱ ወደ መሬት ይቀርባል፤ ሲነዱት ከሚዛኑ የቀለለ ይመስላል።

ይመስላል እንጂ አይደለም። የ2018ቱ ጎልድ ዊንግ ቱር 379 ኪሎ ግራም ገደማ ይመዝናል። እየሄደ የሚደበቀው ይህ ክብደት ሲቆም ይገለጣል፤ ቁልቁለት ላይ አፍንጫውን ወደ ታች አድርጎ ያቆመው ሰው ወደ ኋላ ለመግፋት ጉልበት ያጥረዋል። ሆንዳ ይህን ስለሚያውቅ ከ1988 ጀምሮ በሞተር ማስነሻው የኤሌክትሪክ ኃይል የሚሠራ የኋላ ማርሽ ጨምሮለታል። ከኋላ የሚቀመጠው ሰው ግን ከሦስቱ ሞተር ብስክሌቶች ሁሉ የበለጠ የሚያርፈው በዚህ ነው፤ ጀርባውን የኋላው ሣጥን ይደግፍለታል። ስለ ምቾት የሚጽፉ ብዙ ሰዎች የኋላ ተቀማጩን መርሳታቸው ያስገርማል። ጋላቢው መሪ ጨብጦ ሐሳቡ በመንገዱ ሲያዝ፣ ያ ሰው በጀርባው ከመጠባበቅ በቀር ሥራ የለውም።

የጀርመኑ ቢ.ኤም.ደብልዩ አር 1250 አርቲ የ2019 ሞዴል ሆኖ ቀርቧል። ፋብሪካው እ.ኤ.አ. በ1923 ካወጣው ከመጀመሪያው ሞተር ብስክሌቱ ጀምሮ የሚጠቀምበትን፣ በግራና በቀኝ ወደ ውጭ የወጡ ሁለት ሲሊንደሮች ያሉትን ሞተር ይዟል። ክብደቱ 279 ኪሎ ግራም ነው፤ ማለትም ከጎልድ ዊንግ ቱር በ100 ኪሎ ግራም ያህል ያንሳል። የእግር ማሳረፊያው በጋላቢው ሰውነት ሥር ስለሆነ ክብደቱ በመቀመጫና በእግር መካከል ይከፋፈላል፤ ጉድጓድ ሲያይም ብድግ ይላል። መስታወቱ በኤሌክትሪክ ከፍ ዝቅ ይላል። ይህም ቀላል ነገር አይደለም፤ ፍጥነት ከ60 ወደ 120 ኪሎ ሜትር እጥፍ ሲሆን የንፋሱ ግፊት አራት እጥፍ ይሆናልና። ይሁን እንጂ መቀመጫው ዝቅ ሲል እንኳ 80.5 ሳንቲ ሜትር ከፍታ ስላለው አጭር ሰው በእግሩ ጣት ይቆማል።

እንግዲህ ምቹው የትኛው ነው? ከሰዓት በኋላ ብቻውን ቀስ እያለ በለጥ ያለ መንገድ ለሚንሸራሸር ሰው ሄሪቴጅ ክላሲኩ ይበቃል፤ ሌሎቹ የማይሰጡትንም ደስታ ይሰጣል። ባልና ሚስት ሆነው የአሜሪካን ሰፊ ሜዳ ለሚያቋርጡ ጎልድ ዊንጉን የሚስተካከል የለም። ጠመዝማዛ ተራራ ለሚወጣ ቁመተ ረጅም ሰው አርቲው ይሻላል። ከሦስቱ አንዱን ብቻ ምረጥ ብንባል፣ ድካም ያደነዘዘው እጅ ፍሬን ለመያዝ ስለሚዘገይ፣ በስድስተኛው ሰዓት ጋላቢውን ንቁ አድርጎ የሚያቆየውን አርቲን እንመርጣለን።

ሐ. ማብራሪያ

ጸሐፊው በመጨረሻው አንቀጽ ፍርዱን ከመስጠቱ በፊት መለኪያዎቹን አስቀድሞ አሳይቶናል፤ አቀማመጥ፣ ንዝረት፣ ክብደት፣ ንፋስ። የመጨረሻውን ምርጫ የማይቀበል አንባቢ እንኳ ምርጫው ከየት እንደ መጣ ያውቃል፤ መለኪያውንም ይዞ የራሱን ፍርድ ሊሰጥ ይችላል።

አሁን ወደ ሰዋስው እንለፍ። በአማርኛ ቅጽል ራሱ ለማወዳደር ሲባል መልኩን አይለውጥም። «ከባድ» ምንጊዜም «ከባድ» ነው። ማወዳደሩን የሚሠሩት «ከ» የሚለው መስተዋድድ፣ «ይልቅ» እና «ያህል» የሚሉት ቃላት፣ እንዲሁም «ይበልጣል፣ ያንሳል፣ ይሻላል» የሚሉት ግሦች ናቸው።

«ጎልድ ዊንግ ከአርቲ ይበልጣል» ብትሉ ዐረፍተ ነገሩ በሰዋስው ሙሉ ነው፤ በሐሳብ ግን ጎደሎ ነው። በክብደት ነው? በዋጋ ነው? በፍጥነት ነው? «ጎልድ ዊንግ በክብደት ከአርቲ ይበልጣል» ስትሉ ግን ማንም ሰው በሚዛን ሊያረጋግጠው ይችላል። አንዲት «በ» ሙገሳውን ወደ ማስረጃ ትለውጠዋለች።

ሁለተኛው ስሕተት የማይወዳደሩ ነገሮችን ማወዳደር ነው። «የጎልድ ዊንግ ሞተር ከሄሪቴጅ ክላሲክ ይለሰልሳል» ብሎ የሚጽፍ ተማሪ ሞተርን ከሙሉ ሞተር ብስክሌት ጋር አቁሟል። በንግግር ይታለፋል፤ በጽሑፍ ግን ምንባቡ እንዳደረገው «ከሄሪቴጅ ክላሲክ ሞተር» ማለት ይገባል።

ከሁሉ የሚያሳስተው «እንደ» ነው። የሚከተለውን ዐረፍተ ነገር ተመልከቱ፦

«አርቲ እንደ ጎልድ ዊንግ ለኋላ ተቀማጭ ምቹ አይደለም።»

ይህ ምን ማለት ነው? ጎልድ ዊንግ ምቹ ነው፤ አርቲ ግን እዚያ አይደርስም ማለት ነው? ወይስ ጎልድ ዊንግ ምቹ እንዳልሆነ ሁሉ አርቲም ምቹ አይደለም ማለት ነው? ሁለቱንም ያስተረጉማል። አፍራሽ ግስ ባለበት ዐረፍተ ነገር «እንደ» ሲገባ ይህ አሻሚነት ይፈጠራል። «አርቲ የጎልድ ዊንግን ያህል ለኋላ ተቀማጭ ምቹ አይደለም» ብትሉ ግን ጥርጣሬው ይወገዳል፤ «ያህል» ልኬትን እንጂ ተመሳሳይነትን አይናገርምና።

መ. መልመጃ

1. በምንባቡ ውስጥ «ከ... ይልቅ» የገባበትን ዐረፍተ ነገር ፈልጋችሁ ጻፉ። «ይልቅ» ቢወጣ ትርጉሙ ምን ያህል እንደሚለወጥ አስረዱ።

2. «ይመስላል እንጂ አይደለም» የሚለው አጭር ዐረፍተ ነገር አንቀጹን የሚከፍተው ለምን ይመስላችኋል? «እንጂ» የተባለው መስተጻምር ምን አገልግሎት ሰጠ?

3. የሚከተሉት ዐረፍተ ነገሮች ጉድለት አለባቸው። ጉድለቱን ተናግራችሁ አስተካክላችሁ ጻፉ።
(ሀ) የከተማችን መንገድ ከጎረቤት ከተማ ይሻላል።
(ለ) ወንድሜ እንደ አባቴ ትዕግሥተኛ አይደለም።
(ሐ) በቅሎ ከፈረስ ትበልጣለች።

4. በምታውቁት መንገድ የሚመላለሱ ሁለት መጓጓዣዎችን መርጣችሁ፣ ለአንዲት አሮጊት ተሳፋሪ የሚሻለውን የሚያሳይ ባለ ሦስት አንቀጽ የማወዳደሪያ ድርሰት ጻፉ። ከመጀመራችሁ በፊት መለኪያዎቻችሁን በደብተራችሁ ላይ አስቀምጡ፤ ከተቻለም ሁለቱንም ተሳፍራችሁባቸው ተመልከቱ።