ህንድን በቀን 20 ደቂቃ

ስንት የህንድ ፊልም አይተሃል? አሥር? ሃምሳ? አክተሩ ብቻውን ሃያ ሰው ሲዘርር አጨብጭበሃል። እናትና ልጅ ከስንት ዘመን በኋላ ሲተቃቀፉ እንባህን በእጅጌህ ጠርገሃል። ያውም አንዲት ቃል ሳትሰማ!

እሺ፣ ስለ ህንድ ምን ታውቃለህ?

ዝም አልክ አይደል? አይዞህ። እኔም ተጠይቄ ዝም ብያለሁ።

አዲስ አበባ ውስጥ ስንቱ ሰው ጋንዲ ሆስፒታል ተወልዷል! ከመካከላቸው «ለመሆኑ ጋንዲ ማን ነው?» ብሎ አንድ መጽሐፍ የገለጠው ስንቱ ነው? መጽሐፈ አስቴር ገና ሲጀምር ህንድንና ኢትዮጵያን በአንድ እስትንፋስ ይጠራል። ሰምተን አልፈነዋል። ለምን?

«እኔን ምን አገባኝ? ምሁር አይደለሁ፣ ህንድ አልሄድኩ፣ ቋንቋውን አላውቅ።»

በቃ፣ መቀየር ያለበት ይሄ ማይንድሴት ነው። የቤቱ ሰው ለምዶት የማያየውን ነገር «ይሄ ምንድን ነው?» ብሎ የሚጠይቀው እንግዳ ነው። ባዳ መሆንህን ተጠቀምበት!

ማስረጃ ትፈልጋለህ? አልቢሩኒን ላስተዋውቅህ።

እ.ኤ.አ. በ973 ኽዋሪዝም ውስጥ ተወለደ፤ የዛሬዋ ኡዝቤኪስታን መሆኗ ነው። የሒሳብና የከዋክብት ሊቅ ነበር። በ1017 የጋዝናው ሱልጣን ማህሙድ አገሩን ያዘና እሱንም ይዞት ሄደ። ሰውየው ያኔ 44 ዓመቱ ነው። ሱልጣኑ ህንድን እየተመላለሰ ይወጋል፣ ይዘርፋል። አልቢሩኒስ?

የህንድን የጥንት ቋንቋ ሳንስክሪትን መማር ጀመረ። አርባ ዓመት ካለፈው በኋላ! አፕ የለ፣ ዩቲዩብ የለ። የህንድ ሊቃውንት ደግሞ ከወራሪው ጋር የመጣን ሰው እንዴት አምነው ያስተምሩታል? መከራውን አልደበቀም። ለአንድ ነገር ብዙ ስም እንዳለ፣ ጽሑፍ ገልባጮች ግዴለሽ እንደሆኑ በመጽሐፉ አማርሯል። አማረረ፤ ግን ብዕሩን አላስቀመጠም። በ1030 ገደማ ስለ ህንድ እምነት፣ ሳይንስ፣ ዘመን አቆጣጠርና ልማድ 80 ምዕራፍ ያለው መጽሐፍ አወጣ። ህንዶቹ ራሳቸው የሚሉትን ያስቀምጣል፣ ቀጥሎ ግሪኮች ካሉት ጋር ያስተያያል። የሰው አገር እንዴት እንደሚጠና ለማየት ዛሬም ከዚያ የተሻለ ምሳሌ ብዙ አላገኘሁም።

አሁን ዕድሜዬ ሄዷል በለኛ!

«ቆይ፣ በትርጉም ማንበብ ምን ዋጋ አለው?» ትለኝ ይሆናል። ወደ ጋንዲ እንመለስ። በኋላ የሕይወቱ መመሪያ ያደረገውን የሂንዱዎች ቅዱስ መጽሐፍ፣ ባጋቫድ ጊታን፣ መጀመሪያ ያነበበው የት ይመስልሃል? መንደሩ? ቤተ መቅደስ ውስጥ?

ለንደን ነው። ሕግ ሊማር ሄዶ። በእንግሊዝኛ ትርጉም። ያውም ሁለት ወዳጆቹ «አብረን እናንብብ» ብለውት። በሳንስክሪትም ሆነ በገዛ ቋንቋው በጉጃራቲ አንብቦት ስለማያውቅ አፍሮ እንደነበር በግለ ታሪኩ ጽፏል። አፈረና ግን አነበበ። ከዓመታት በኋላ ያንኑ መጽሐፍ ራሱ ወደ ጉጃራቲ ተረጎመው።

አንተም እፍረትህን በኪስህ ያዝና ጀምር።

አሁን ደግሞ የሚገርምህን ልንገርህ። አንድ የንጉሥ ልጅ አለ። አባቱ በሽታን፣ እርጅናን፣ ሞትን እንዳያይ ብሎ ከሰው ለይቶ ያሳድገዋል። ልጁ አንድ ቀን ይወጣል፣ ሁሉንም ያያል፣ በመጨረሻም ዙፋኑን ትቶ ይሄዳል። የቡድሃ ታሪክ አይደለም? ነው። ግን ይህ ታሪክ በግዕዝም አለ! «በረላም ወይዋስፍ» ይባላል። ከህንድ ተነስቶ በየደረሰበት የአገሩን ልብስ እየለበሰ፣ የክርስቲያን ታሪክ ሆኖ ዓረብኛ ገባ። ከዓረብኛ ወደ ግዕዝ የመለሱት እጨጌ ዕንባቆም ናቸው፤ በዐፄ ገላውዴዎስ ዘመን፣ እ.ኤ.አ. በ1553። የልዑሉን ስም ተመልከት፦ ቦዲሳትቫ፣ ቡዳሳፍ፣ ዩዳሳፍ፣ ይዋስፍ። እንደዚህ እየተንከባለለ ነው እኛ ዘንድ የደረሰው።

ዕንባቆምስ ማን ነበሩ? ከየመን የመጡ ነጋዴ። ባዳ! ደብረ ሊባኖስ ገቡ፣ ተማሩ፣ የገዳሙ አለቃ እጨጌ እስከ መሆን ደረሱ።

ይህን ያወቅሁ ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም። እኔ እኮ ህንድ ሩቅ ናት ብዬ ነበር።

ስለዚህ ወደ ሥራ!

የእኔን ስህተት ግን አትድገም። ማሃባራታን «ሙሉውን ካላነበብኩ» ብዬ ገባሁበት። ወደ 100,000 ጥንድ ስንኝ ያለው የጥንት የህንድ የግጥም ታሪክ ነው፤ ጊታ ራሱ የእሱ አንድ ቁራጭ ነው። በሳምንቱ ጠፋሁ። ማን የማን አጎት ነው? ማንስ ማንን ረገመ? መጽሐፉ ስድስት ወር አቧራ ጠጣ።

ያዳነኝ አር. ኬ. ናራያን ነው። ይህ ህንዳዊ ደራሲ ታሪኩን አሳጥሮ በቀላል እንግሊዝኛ ጽፎታል። እሱን ያዝ። አንድ ወረቀት ላይ የዘር ሐረጉን ሣል፤ በአንድ ወገን አምስቱ ፓንዳቫዎች፣ በሌላው ወገን መቶው ካውራቫዎች። የአጎት ልጆች ናቸው፣ በዙፋን ይፋጃሉ። የእኛን ታሪክ ላነበበ ሰው ይሄ ምኑ ይከብዳል?

በቀን 20 ደቂቃ። ከዚያ በላይ አልጠይቅህም። ስልክህ ላይ ስክሮል ስታደርግ የምታቃጥለው ጊዜ ስንት ነው? ከእሱ ላይ ቁረጥ።

ፊልሙንም አትተው፤ አስተያየትህን ግን ቀይር። ትርጉሙን ዝጋና በሂንዲ ስማው። ዐረፍተ ነገሩ እንደ አማርኛ በግስ ሲያልቅ ትሰማለህ። «አፕ» እንደኛው «እርስዎ» ነው፤ «ቱም» ደግሞ ወደ «አንተ» እና «አንቺ» ይጠጋል። ፍቅረኛሞቹ ከ«አፕ» ወደ «ቱም» የሚያልፉባትን ቅጽበት ጠብቅ። ከዘፈኑ በፊት የልባቸውን ታውቃለህ። (ሂንዲ ብቻ ነው ህንድ እንዳትል ደግሞ፤ የአገሪቱ ሕገ መንግሥት 22 ቋንቋዎችን በስም ይዘረዝራል።)

ፊደሉስ? ለአንተ የተሠራ ነው የሚመስለው። የእኛ ፊደል እንደሚያደርገው ድምፁ ሲቀየር ከተነባቢው ላይ ምልክት ይቀጠላል። ለ«ኩ» ከሥሩ ጅራት፣ ለ«ኬ» ከራሱ ላይ ጭረት። ካዕብ፣ ሣልስ እያለ ላደገ ሰው ይሄ አዲስ ነገር ነው? መሠረታዊ ተነባቢዎቹ 33 ናቸው። በቀን ሦስት ብትይዝ በ11 ቀን ትጨርሳለህ።

ደብተር አምጣ። የመጀመሪያው ተነባቢ «ከ» ነው፤ አነባበቡም ከእኛው «ከ» ብዙ አይርቅም።