ባክቴሪያን የሚገድል ቫይረስና የዶሮ ቤታችን



ሰሞኑን በክፍል ውስጥ ስለ ረቂቅ ሕዋሳት ሳስተምር አንድ ተማሪ እጁን አውጥቶ «ቲቸር፣ ባክቴሪያ ይታመማል ወይ?» ብሎ ጠየቀኝ። ክፍሉ በሳቅ ተሞላ። ጥያቄው ግን የሚያስቅ አልነበረም። ባክቴሪያም ይታመማል፤ ይሞታልም። የሚገድለው ባክቴሪያን ብቻ የሚያጠቃ የቫይረስ ዓይነት ሲሆን ባክቴሪዮፋጅ፣ በአጭሩ ፋጅ ይባላል። «ባክቴሪያ በላ» እንደ ማለት ነው። ይህን ትምህርት ለጋዜጣችን ያቀረብኩት ለፈተና ይጠቅማል ብዬ ብቻ ሳይሆን፣ በካምፓችን ዶሮ የሚያረባው ሰው እየበዛ በመሄዱና እኔም ባለፈው ዓመት በጫጩቶቼ ላይ የሠራሁት ስሕተት ስላለ ነው።

ስሕተቱ እንዲህ ነው። ከገበያ አሥራ አንድ ጫጩቶች ገዛሁ። ሳምንት ሳይሞላቸው ክንፋቸውን ጥለው፣ ዓይናቸውን ጨፍነው ይቆሙ ጀመር፤ መቀመጫቸው ላይም ነጭ ተቅማጥ ተለጠፈ። እኔም «ተምሬያለሁ» ባይ ነኝና የቴትራሳይክሊን ካፕሱል ገዝቼ፣ ፈልቅቄ፣ በሚጠጡት ውሃ ውስጥ በተንኩት። መጠኑን ከየት አመጣኸው ብትሉኝ መልስ የለኝም። ከሁለቱ በስተቀር ሁሉም አለቁ። ጎረቤቴ የሆኑ እናት «ፈንግል ነው ልጄ፣ በከንቱ አትልፋ» አሉኝ።

እኛ ዶሮ ሲያልቅ ሁሉንም ፈንግል እንላለን። እርግጥ ፈንግል ብዙ ዶሮ ይፈጃል። መንሥኤው ግን ቫይረስ ስለሆነ ካፕሱሉ ምንም አያደርገውም፤ መከላከያው ክትባት ነው። ከተፈለፈሉ ገና ጥቂት ቀናት በሆናቸው ጫጩቶች ላይ የሚታየው ነጭ ተቅማጥ ግን ብዙ ጊዜ ሳልሞኔላ የተባለ ባክቴሪያ ምልክት ነው። በላቦራቶሪ ሳይመረመር በእርግጠኝነት መናገር ስለማይቻል የእኔም ጫጩቶች በምን እንደ ሞቱ ሳላውቅ ቀረሁ።

ሳልሞኔላ ስሙን ያገኘው ዳንኤል ሳልሞን ከተባለ አሜሪካዊ የእንስሳት ሐኪም ነው። ከ2,500 በላይ ዓይነቶች አሉት። ለእኛ የሚያስፈልገው በሁለት ከፍሎ ማየት ነው። አንደኛው ወገን ዶሮዎቹን ራሳቸውን ይገድላል፤ የጫጩቶች ነጭ ተቅማጥና የዶሮ ታይፎይድ የሚመጡት ከዚህ ወገን ነው። ሁለተኛው ወገን፣ በተለይ ኢንተራይቲዲስና ታይፊሙሪየም የሚባሉት፣ በዶሮዋ አንጀት ውስጥ ተደላድለው ይኖራሉ። ዶሮዋ ትበላለች፣ እንቁላል ትጥላለች፣ ምንም አትመስልም። የሚታመመው ሥጋዋን ወይም እንቁላሏን በደንብ ሳያበስል የተመገበው ሰው ነው። ኢንተራይቲዲስ ደግሞ ቅርፊቱ ከመሠራቱ በፊት ወደ እንቁላሉ ውስጥ ሊገባ ስለሚችል ከውጭ ማጠብ ብቻውን አያድንም።

አሁን ወደ ፋጅ እንመለስ። ፋጅን እ.ኤ.አ. በ1915 እንግሊዛዊው ፍሬደሪክ ትዎርት፣ እ.ኤ.አ. በ1917 ደግሞ በፓሪሱ የፓስተር ተቋም ይሠራ የነበረው ፌሊክስ ዴሬል ለየብቻቸው አገኙት። ስሙን ያወጣለት ዴሬል ነው። እኔን የገረመኝ የመጀመሪያው ትልቅ ሙከራ የተደረገው በዶሮ ላይ መሆኑ ነው። እ.ኤ.አ. በ1919 በፈረንሳይ ገጠር የዶሮ ታይፎይድ በገባ ጊዜ ዴሬል ከዶሮ ኩስ ውስጥ ያገኘውን ፋጅ ለዶሮዎቹ በመስጠት በሽታውን ለመግታት ሞከረ። ውጤቱ ስላበረታታው በዚያው ዓመት በፓሪስ በደም ተቅማጥ ለታመመ ልጅ ሰጠ፤ ልጁም ዳነ። በኋላ ግን እ.ኤ.አ. ከ1940ዎቹ ጀምሮ ፔኒሲሊንና ሌሎች አንቲባዮቲኮች ሲስፋፉ ፋጅ በምዕራቡ ዓለም ተረሳ። እ.ኤ.አ. በ1923 በጆርጂያ ዋና ከተማ በትብሊሲ የተቋቋመው ተቋም ግን ሥራውን ሳያቋርጥ ቀጠለ።

ፋጅ ባክቴሪያን የሚገድለው እንዴት ነው? ፋጅ እንደ ሌላው ቫይረስ ሁሉ ብቻውን ሊራባ አይችልም። ብዙዎቹ ራስና ጅራት አላቸው። በራሱ ውስጥ የዘር ቅመሙ ተጠቅልሎ ይገኛል። ፋጁ ከባክቴሪያው ገላ ጋር ሲገናኝ ጅራቱ የሚስማማው ቦታ ካገኘ ይጣበቃል፤ ካላገኘ ያልፋል። ነገሩ እንደ ቁልፍና ጓጉንቸር ነው፤ የአንዱ ቤት ቁልፍ የሌላውን ቤት አይከፍትም። ከተጣበቀ በኋላ የዘር ቅመሙን ወደ ውስጥ ያስገባል። ከዚያ በኋላ ባክቴሪያው ለራሱ መሥራቱን ትቶ ለፋጁ መሥራት ይጀምራል። ከግማሽ ሰዓት እስከ አንድ ሰዓት ባለው ጊዜ ውስጥ በአሥርና በመቶ የሚቆጠሩ አዳዲስ ፋጆች ይሠሩና ባክቴሪያው ፈንድቶ ይወጣሉ። እነርሱም ሌላ ባክቴሪያ ፍለጋ ይሄዳሉ። (ሳይገድሉ በባክቴሪያው የዘር ቅመም ውስጥ ተደብቀው የሚቀመጡ ፋጆችም አሉ። እነዚህ ጎጂ ባሕርይ ከአንዱ ባክቴሪያ ወደ ሌላው ሊያሻግሩ ስለሚችሉ ለሕክምና አይመረጡም።)

የፋጅ ጥቅሙም ጉድለቱም ከዚህ ከቁልፉ ነገር ይመነጫል። ቴትራሳይክሊን በዶሮዋ አንጀት ውስጥ የሚኖሩትን ጠቃሚ ባክቴሪያዎችም ይፈጃል፤ የሳልሞኔላ ፋጅ ግን እነርሱን አይነካም። የሰውንም የዶሮንም ሕዋስ ሊከፍት አይችልም። በሌላ በኩል አንዱን የሳልሞኔላ ዓይነት የሚገድል ፋጅ ሌላውን ዓይነት ላይነካው ይችላል።

እ.ኤ.አ. በ2007 የታተመ የእንግሊዝ ተመራማሪዎች ጥናት ይህን በግልጽ ያሳያል። ዶሮዎቹን ሆን ብለው በሦስት ዓይነት ሳልሞኔላ ለከፏቸው። ፋጁ በጨጓራ አሲድ እንዳይጎዳም አሲድ ከሚያበርድ ነገር ጋር በአፋቸው ሰጧቸው። ፋጅ ካላገኙት ዶሮዎች ጋር ሲነጻጸር በ24 ሰዓት ውስጥ የኢንተራይቲዲስ ቁጥር ከአሥር ሺህ እጥፍ በላይ ቀነሰ። የታይፊሙሪየም ቁጥር ወደ 150 እጥፍ ገደማ ቀነሰ። ሃዳር የሚባለው ሦስተኛው ዓይነት ግን ይህ ነው የሚባል ለውጥ አላሳየም። ከዚህም በላይ ከሞት የተረፉ ባክቴሪያዎች ፋጁን መቋቋም ጀምረው ተገኙ። እንግዲህ ጓጉንቸሩን ቀየሩ ማለት ነው።

በዚህ ምክንያት ዛሬ የሚሠራበት ዘዴ የተለያዩ ፋጆችን ቀላቅሎ መስጠት ነው። አንዱን ያመለጠ በሌላው ይያዛል። ሰዓቱም ይመረጣል፤ ቆየት ካለ የተረፈው ስለሚራባ ለሥጋ የሚሆኑት ዶሮዎች ሊታረዱ ሲቃረቡ መስጠቱ የተሻለ ነው የሚሉ አሉ። ፋጁን በሥጋው ላይ መርጨትም ሌላው መንገድ ነው። እ.ኤ.አ. በ2013 የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት ባለሥልጣን ለምግብ በሚረጭ አንድ የሳልሞኔላ ፋጅ ላይ ጥያቄ እንደሌለው አሳውቋል።

ዓለም ወደ ተረሳው ፋጅ የተመለሰው ወድዶ አይደለም። ለብዙ ዓመታት በትልልቅ እርባታዎች ዶሮ ቶሎ እንዲያድግ አንቲባዮቲክ በመኖ ውስጥ ይጨመር ነበር። ባክቴሪያዎቹ መድኃኒቱን ለመዱት፤ የለመዱትም ወደ ሰው ተሻገሩ። የአውሮፓ ኅብረት ለማሳደጊያ የሚሰጠውን አንቲባዮቲክ እ.ኤ.አ. ከ2006 መጀመሪያ አንሥቶ ከልክሏል። እኔም በአንዲት የፕላስቲክ ሳህን ውሃ ውስጥ የሠራሁት ያንኑ ስሕተት ነው። የተረፉት ሁለቱ ዶሮዎች ምን ዓይነት ባክቴሪያ ተሸክመው እንደ ቀሩ ማን ያውቃል?

እኛ ባለንበት በኬንያም ሥራው ተጀምሯል። ናይሮቢ የሚገኘው ዓለም አቀፉ የእንስሳት ሀብት ምርምር ተቋም ከካናዳው ላቫል ዩኒቨርሲቲ ጋር በመተባበር በኬንያ ዶሮዎች ላይ የሚገኘውን ሳልሞኔላ የሚገድሉ ፋጆችን ሲያሰባስብና ሲመረምር ቆይቷል። እዚሁ መሰብሰቡ ያለ ምክንያት አይደለም፤ ቁልፉ የሚቀረጸው ለአገሩ ጓጉንቸር ነው።

አሁን «ታዲያ ፋጁን ከየት እንግዛ?» የሚለኝ አይጠፋም። ከካምፑ ሱቅ አይገኝም። ፋጅ በኩስ ውስጥ አለ ሲባል ሰምቶ ኩስ በጥብጦ ለዶሮ የሚያጠጣ ሰው ቢኖር በሽታውን ራሱን እያጠጣ ነው። በእጃችን ያለውን እንሥራ። የታመመችውን ዶሮ ለይቶ ማስቀመጥ፣ የሞተችውን በጥልቀት መቅበር እንጂ ለውሻ አለመጣል፣ ውሃውን በየቀኑ መለወጥ፣ መመገቢያውን ኩስ እንዳይገባበት ከመሬት ከፍ ማድረግ ይቻላል። አዲስ የተገዙ ጫጩቶችንም ከነባሮቹ ጋር ወዲያው አለመቀላቀል ነው። እኔ የገዛሁበትን ቅርጫት እንኳ አላጠብኩም ነበር።

ስለ ማዕድ ቤትም አንድ ነገር ልበል። ዶሮ ስንሠራ በሎሚና በጨው ደጋግመን እናጥባለን። ይህን ተዉ አልልም፤ ብልም የሚሰማኝ የለም። ነገር ግን ሎሚው ሳልሞኔላን አያጠፋም፤ የሚያጠፋው እሳቱ ነው። ዶሮ ወጡ ብዙ ሰዓት ስለሚንተከተክ አያሰጋም። የሚያሰጋው የዶሮው እጣቢ የተረጨበት ሳህንና ያው ቢላዋ ነው፤ በዚያ ቢላዋ ለልጆች ቲማቲም ይከተፋልና። ቢላዋውን፣ መክተፊያውንና እጅን በሳሙና ማጠብ፣ ሳሙና ቢጠፋ በአመድ። ለሕፃናት እንቁላል አስኳሉ እስኪጠነክር ይቀቀል። ልጅ ከተቅማጥ ጋር ኃይለኛ ትኩሳት ወይም ደም ከታየበት ኦ.አር.ኤስ. እየሰጡ ወደ ክሊኒክ መውሰድ እንጂ የዶሮውን ካፕሱል ለልጁ መስጠት አይገባም።

ለተማሪዎች ጥያቄ፦ አንድ ፋጅ በአንድ ባክቴሪያ ውስጥ በ30 ደቂቃ 100 አዳዲስ ፋጆች ቢያወጣ፣ እያንዳንዱም ወዲያው ሌላ ባክቴሪያ ቢያገኝ፣ ከአንድ ሰዓት ተኩል በኋላ ስንት አዳዲስ ፋጆች ይወጣሉ? በዶሮ አንጀት ውስጥ ይህን ያህል ላይደርሱ የሚችሉትስ ለምንድን ነው? ሁለት ምክንያት ጽፋችሁ ሰኞ ይዛችሁ ኑ።