ከጣውላው ሥር የገባ ውሃ፦ የዳገት ቤትን ወለል ሥር ማድረቅና መጠገን

ከእንጦጦ ግርጌ ዳገት ላይ የተሠሩ የቆዩ ቤቶችን የሚያውቅ ሰው ወለላቸውንም ያውቀዋል። በዳገቱ በኩል ጣውላው ከግቢው መሬት ጋር ሊተካከል ትንሽ ነው የሚቀረው። በቁልቁለቱ በኩል ግን ቤቱ በጥቁር ድንጋይ ግንብ ላይ ከፍ ብሎ ይቆምና ከወለሉ ሥር ሰው ጎንበስ ብሎ ወይም በደረቱ ተስቦ የሚገባበት ባዶ ቦታ ይተርፋል። ቤተሰቡ የተሰበረ ወንበርና የተረፈ ቆርቆሮ አስቀምጦበት ይረሳዋል። ክረምት ሲመጣ ጣውላው ሲረገጥ ይለምጣል፣ በሩ አልዘጋ ይላል፣ ሣጥን ውስጥ የተቀመጠው ጋቢ ሻጋታ ሻጋታ ይሸታል።

እኔ ያደግሁበት ቤት እንዲህ ያለ ነው። መጀመሪያ የሠራነው ስህተት ብዙ ሰው የሚሠራው ነው፤ ግንበኛ ጠርተን የወለል ሥሩን ግድግዳ ከውስጥ በሲሚንቶ አስለሰንነው። በቀጣዩ ነሐሴ ልስኑ እንደ ሽንኩርት ልጣጭ እየተላጠ ወደቀ። ከግድግዳው ጀርባ የተጠራቀመው ውሃ ይገፋው ነበር፤ እንዲህ ያለውን ግፊት ከውስጥ የተለሰነ ልስን አይችለውም። ገንዘቡ ይቆጨኛል፤ ይበልጥ የሚቆጨኝ ግን በእነዚያ ዓመታት የበሰበሰው የጽድ አግዳሚ ነው፤ እንደ እሱ ያለ እንጨት ዛሬ በቀላሉ አይገኝም። ስለዚህ ከዚህ በታች ያለው ሥራ ከጣራው ተነሥቶ ወደ ወለሉ ሥር የሚገባው በመጨረሻ ነው። ቅደም ተከተሉን አትገልብጡት።

1. በዝናብ ሰዓት ወጥቶ ማየት

ቁፋሮው የጥቅምት ሥራ ነው፤ ምርመራው ግን የሐምሌና የነሐሴ። ጃንጥላ ይዛችሁ ውጡ። ከአሸንዳው የሚወርደው ውሃ የት ያርፋል? ከላይኛው ጎረቤት ግቢ ወይም ከኮብልስቶኑ መንገድ የሚመጣው ጎርፍ ግድግዳችሁ ጋ ይቆማል ወይስ ያልፋል? ከዚያ ባትሪ አብርታችሁ የወለሉን ሥር ተመልከቱ። ዝናቡ ከጀመረ በስንት ሰዓት እንደረጠበ፣ በየትኛው ድንጋይ መሃል እንደገባ ጻፉ፤ በስልካችሁም ፎቶ አንሡ።

በሰዓታት ውስጥ የሚገባ ውሃ አብዛኛውን ጊዜ የጣራ ወይም የጎርፍ ነው። ዝናቡ ካባራ ከቀናት በኋላም ቀስ እያለ የሚያዥ ደግሞ ከዳገቱ አፈር ውስጥ የሚመጣ ነው። በበጋም የማይደርቅ ከሆነ ቧንቧን ወይም የሽንት ቤት ጉድጓድን ጠርጥሩ። ቧንቧውን ለመለየት ውሃ በሚመጣበት የፈረቃ ቀን ሮቶው ከሞላ በኋላ መክፈቻውን ሁሉ ዘግታችሁ የቆጣሪውን ቁጥር መዝግቡ። ሲነጋ ቁጥሩ ከጨመረ አንድ ቦታ የሚያፈስ መስመር አለ።

እርጥበቱ ከግድግዳው ይሁን ከታፈነው አየር ካልለየላችሁ 50 በ50 ሳንቲ ሜትር ላስቲክ ግድግዳው ላይ ዙሪያውን በፕላስተር ለጥፋችሁ ለ2 ቀን ተዉት። ጀርባው ከረጠበ ውሃው በግድግዳው አልፎ እየመጣ ነው። ፊቱ ላይ ብቻ ጤዛ ከያዘ ጥፋቱ የአየር መታፈን ነው።

ወደ ውስጥ ስትገቡ መብራቱን ከቆጣሪው አጥፉ፤ ሰው ደጅ ይቁምላችሁ። ግንቡ ሆድ አውጥቶ ወደ ውጭ ከተነፋ፣ ጣት የሚያስገባ ስንጥቅ ካለ፣ ወይም ከቤቱ በላይ ያለው አጥርና ዛፍ ወደ ቁልቁለቱ እየተጋደመ ከሆነ ግን ሥራው የእናንተ አይደለም። መሬቱ ራሱ እየተንሸራተተ ሊሆን ስለሚችል አንዲት ድንጋይ ሳትነኩ መሐንዲስ ጥሩ።

2. ጣራውንና ግቢውን ማስተካከል

100 ካሬ ሜትር ጣራ ላይ 30 ሚሊ ሜትር ዝናብ ሲጥል 3,000 ሊትር ውሃ ይወርዳል። ባለ 200 ሊትር በርሜል 15 ይሞላል ማለት ነው። ይህ ሁሉ ግድግዳ ሥር ሲፈስ ወለል ሥር ባይገባ ነው የሚገርመው። አሸንዳውን ጥረጉ፣ የዛገውን ቀይሩ፤ መውረጃውን በዝግ ቱቦ እስከ ግቢው ታችኛ ጫፍ አድርሱት። ግድግዳው ዙሪያ ያለው መሬት በ3 ሜትር ርቀት ውስጥ ቢያንስ 15 ሳንቲ ሜትር ወደ ውጭ ይዝቀጥ። በዳገቱ በኩል ይህ ስለማይቻል ጎርፉን ከላይ ተቀብሎ በቤቱ ጎን የሚያሳልፍ ሰፋ ያለ ጥልቀት የሌለው ቦይ አውጡ። በአንዳንድ ቤት ሥራው እዚህ ላይ ያልቃል። ስለዚህ ቁፋሮ ውስጥ ከመግባታችሁ በፊት አንድ ክረምት ብትታገሡ ገንዘብ ልታተርፉ ትችላላችሁ።

3. በዳገቱ በኩል የውሃ ማስወገጃ ቦይ

ከአፈሩ ውስጥ የሚያዠውን የሚይዘው ይህ ነው፤ ከሥራው ሁሉ የሚከብደውም ይህ ነው። ከግድግዳው 1.5 ሜትር ያህል ርቃችሁ በዳገቱ በኩል 40 ሳንቲ ሜትር ስፋት ያለው ቦይ ቆፍሩ። የቦዩ ግርጌ በወለሉ ሥር ካለው መሬት ዝቅ ይበል፤ ከቤቱ መሠረት ግርጌ ግን ዝቅ እንዳይል፤ ካለፈ ግንቡን የያዘውን አፈር ታላሉታላችሁ። ከ2 እስከ 3 ሜትር እየቆፈራችሁና እየሞላችሁ ሂዱ እንጂ ዙሪያውን በአንድ ጊዜ አትክፈቱ። ጥልቀቱ ከደረት ከደረሰ የቦዩ ግራና ቀኝ በጣውላና በአጣና ሳይደገፍ ማንም አይግባበት። ለቀን ሠራተኛ ሕይወት ሲባል በዚህ ላይ ቁጠባ የለም።

ቁፋሮውን ከታችኛው ጫፍ፣ ማለትም ውሃው ከሚወጣበት ጀምሩ። በየ1 ሜትሩ ቢያንስ 1 ሳንቲ ሜትር መዝቀጡን ግንበኞች በሚጠቀሙበት ውሃ በተሞላ ቀጭን ቱቦ ለኩ፤ በዓይን ግምት አይሆንም። ቦዩን በጂኦቴክስታይል ጨርቅ አልብሱት። የማዳበሪያ ከረጢት እንተካ የሚሉ አሉ፤ በጭቃ ስለሚደፈን አይሆንም። ከጨርቁ ላይ 10 ሳንቲ ሜትር የታጠበ ጠጠር፣ ከዚያ 110 ሚሊ ሜትር የሆነ ቀዳዳ ያለው ፒቪሲ ቱቦ ቀዳዳዎቹን ወደ ታች አድርጋችሁ አስተኙ። እስከ ላይ 20 ሳንቲ ሜትር እስኪቀር በጠጠር ሙሉት፣ ጨርቁን እንደ ፖስታ እጠፉበት፣ የቀረውን በአፈር ደፍኑ። በቤቱ ጎን የሚያልፈው ቱቦ ቀዳዳ የሌለው ይሁን፤ አለበለዚያ የያዛችሁትን ውሃ መልሳችሁ መሠረቱ ሥር ታፈሱታላችሁ።

መውጫውን በሽቦ ወንፊት ሸፍኑ፣ አይጥ እንዳይገባበት። ቱቦው ከመቀበሩ በፊት ደግሞ የታችኛውን ጎረቤት ጥሩና ቦታውን አሳዩ። ዳገት ላይ የእኔ ትርፍ ውሃ የእሱ ጎርፍ ነው። እኛ ቡና አፍልተን ከታችኛው ጎረቤታችን ጋር ከተነጋገርን በኋላ ቱቦውን በእሳቸው አጥር ጥግ አሳልፈን መንገድ ዳር ካለው ቦይ አገናኘነው፤ ለዚህም ወረዳውን አስፈቅደናል።

4. የወለሉን ሥር ባዶ ማድረግና ማናፈስ

ያስቀመጣችሁትን ሁሉ አውጡ። የወደቀ የእንጨት ቁራጭ፣ ካርቶንና ጨርቅ አታስቀሩ፤ ምስጥና ሻጋታ የሚቀለቡት በእሱ ነው። የቀድሞ ግንበኞች በግንቡ ላይ የአየር ቀዳዳ ይተዉ ነበር፤ ኋላ የመጣ ሰው ብርድና ድመት ፈርቶ ይደፍነዋል። ክፈቷቸው። በቂ የሚባለው ከወለሉ ስፋት 150ኛው እጅ ነው፤ 60 ካሬ ሜትር ወለል ባለ 20 በ20 ሳንቲ ሜትር 10 ቀዳዳ ይፈልጋል። ነፋሱ ገብቶ እንዲወጣ ትይዩ ግድግዳዎች ላይ ይሁኑ፤ በሽቦ ወንፊት ይሸፈኑ።

5. ግንቡን መጠገን

ውጭ ያለው ቦይ ሥራውን ከጀመረ በኋላ ግድግዳው ሳምንታት ወስዶ ይድረቅ። ነጭ ጨው የመሰለውን በብሩሽ አራግፉ እንጂ በውሃ አትጠቡት። ድንጋዩ በጭቃ ወይም በኖራ የተገነባ ከሆነ የተቦረቦረውን መገጣጠሚያ በኖራና በአሸዋ ሙሉት። ጠንካራ ሲሚንቶ በእንደዚህ ያለ ግንብ ላይ እርጥበቱን ውስጥ ያፍነዋል። በሲሚንቶ የተገነባ ከሆነ 1 ለ3 የሲሚንቶና የአሸዋ ቡኬት ይበቃል። በታችኛው ግንብ ግርጌ ያሉትን የውሃ መተንፈሻ ቀዳዳዎች ግን አትድፈኑ።

6. እንጨቱን መፈተሽና ማቃናት

እያንዳንዱን አግዳሚ በተለይ ግንቡ ላይ የሚያርፍበትን ጫፍ በካቻቢቴ ውጉት። ያለ ጉልበት ከሰመጠ በስብሷል። ጫፉ ብቻ ከሆነ አግዳሚውን አታንሡት፤ ጤነኛ እንጨት ከጎኑ አስጠግታችሁ በብሎን እሰሩት። አዲሱ እንጨት ባሕር ዛፍ ከሆነ በደንብ የደረቀ ይሁን፤ እርጥቡ ሲደርቅ ይጣመማል።

የረገበውን ወለል ለማንሣት ጠንካራ ኮንክሪት ንጣፍ ላይ የመኪና ክሪክ አቁማችሁ በቀን ከ3 ሚሊ ሜትር ሳታስበልጡ ከፍ አድርጉ። በአንድ ቀን ያነሣ ሰው ከላይ ያለውን ግድግዳ ይሰነጥቃል። ሲስተካከል በብሎኬት ምሰሶ ተኩት፤ በምሰሶውና በእንጨቱ መሃል፣ ግንቡም ላይ፣ በሬንጅ የተነከረ ንጣፍ አስገቡ። እንጨት ድንጋይን ወይም አፈርን በቀጥታ አይንካ። የተቃጠለ የመኪና ዘይት መቀባት የተለመደ ነው፤ ከመኝታ ቤት ሥር ግን አልመክርም፤ ሽታው ዓመት ይቆያል፣ እሳትም ይጠራል።

7. ላስቲክ ማንጠፍ

መሬቱን አስተካክላችሁ ቢያንስ 0.2 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው ላስቲክ አንጥፉ። አንዱ በሌላው ላይ 30 ሳንቲ ሜትር ይደረብ፤ ግድግዳው ጋ 15 ሳንቲ ሜትር ሽቅብ ይታጠፍ፤ ዳር ዳሩ በድንጋይ ይያዝ። ከአፈሩ የሚተነውን እርጥበት ከእንጨቱ ይለያል። የሚገባው ውሃ ሳይቆም ከተነጠፈ ግን ከላዩ ኩሬ ይሠራል።

በሰኔ የመጀመሪያው ከባድ ዝናብ ሲጥል ጃንጥላውን ይዛችሁ ወደ ቱቦው መውጫ ሂዱ። መጀመሪያ ድፍርስ ውሃ ይወጣል፤ በጥቂት ቀናት ውስጥ መጥራት አለበት። ሐምሌ ገብቶም አፈር ይዞ ከወረደ ጨርቁ አንድ ቦታ ተቀዷል፤ ድፍርሱ ሳይጠራ ዝም አትበሉት፤ የሚታጠበው ከቤታችሁ በላይ ያለው መሬት ነው።