ሽንት ለሚመላለስበት ሁሉ የቀረበ ማሳሰቢያ

ሽንት ሲያቃጥል «ብርድ መትቶኝ ነው» ብሎ ማለፍ የቆየ ልማዳችን ነው። በዓመት ሁለት ሦስት ጊዜ ከተመላለሰ ግን ስኳርዎን ሳይለኩ አይለፉ። በደም ውስጥ ያለው ስኳር በዴሲሊትር ከ180 ሚሊግራም ገደማ ሲያልፍ ኩላሊት መልሶ መምጠጥ ያቅተውና ወደ ሽንት ይለቀዋል። ስኳሩ ውኃ አስከትሎ ስለሚወጣ ሽንት ይበዛል፣ ጥም ይበረታል። ለዓመታት ከፍ ብሎ የቆየ ስኳር ደግሞ የፊኛን ነርቭ ይጎዳል። እንዲህ ያለ ፊኛ መሙላቱን በወቅቱ አያውቅም፤ ሲሸኑም ተሟጦ አይወጣም። ውስጥ የሚቀረው ሽንት ለባክቴሪያ መራቢያ ይሆናል።

• ሌሊቱን ቢያንስ 8 ሰዓት ምግብ ሳይቀምሱ ጠዋት ይለኩ። 126 እና ከዚያ በላይ ሆኖ በድጋሚ ምርመራ ከተረጋገጠ የስኳር በሽታ ነው። ከ110 እስከ 125 ያለውንም «ገና ነው» ብለው አይናቁት።

• ሽንት በዛብኝ ብለው ውኃ አይቀንሱ። ከሁሉ የሚያሳዝነኝ ስህተት ይህ ነው፤ ስኳር ያለበት ሰው መንገድ ላይ እንዳያጣድፈው ብሎ ጠብታ ሳይቀምስ ይውላል። ከመኝታ በፊት ባሉት ሁለት ሰዓታት መቀነስ ያስኬዳል፣ ቀኑን ሙሉ ግን አይሆንም። በልብ ወይም በኩላሊት ሕመም ምክንያት ሐኪም መጠን የወሰነለት ሰው የሐኪሙን ይከተል። ለስላሳ መጠጥ ውኃን አይተካም።

• ቦርጭን እንደ ድሎት ምልክት አይቁጠሩት። ውፍረትና ስኳር ሽንትን አሲዳማ ያደርጉታል፤ ከዩሪክ አሲድ የሚሠራው የኩላሊት ጠጠርም የሚወደው ይህንኑ ነው።

• ከጎረቤት የተረፈ ሲፕሮ (ፀረ ባክቴሪያ ክኒን) አይዋጡ። የሚመላለስ ኢንፌክሽን ከሆነ የመጀመሪያውን ክኒን ከመዋጥዎ በፊት የሽንት ካልቸር (ባክቴሪያውን አሳድጎ የሚለይ ምርመራ) ይሠራልዎ። ነፍሰ ጡር ላልሆነች የስኳር ታማሚ፣ ምንም ሳይሰማት በሽንቷ ባክቴሪያ ስለተገኘ ብቻ አብዛኛውን ጊዜ መድኃኒት አያስፈልጋትም።

• ዳፓግሊፍሎዚን የተባለውን የስኳር መድኃኒት የሚወስዱ ከሆነ፣ የመድኃኒቱ ሥራ ስኳርን በሽንት ማስወጣት መሆኑን ይወቁ። ብልት አካባቢ ማሳከክ ከመጣ አይፈሩ፣ ለሐኪም ይንገሩ፤ በራስዎ ፈቃድ አያቋርጡ። ጾም ከመያዝዎ በፊትም ያማክሩ።

• ትኩሳት፣ ብርድ ብርድ ማለት፣ የጎን ውጋትና ማስመለስ ከተጨመሩ ለነገ አይባልም። ስኳር ባለበት ሰው የኩላሊት ኢንፌክሽን በፍጥነት ይከፋል።

• አልጋ ላይ መሽናት ትቶ የነበረ ልጅ እንደገና ከጀመረ፣ ውኃ እየጠጣም ከከሳ፣ አይቆጡት። በዚያው ቀን ስኳሩን ያስለኩ።

መምህራን ሆይ፣ ደጋግሞ «ልውጣ» የሚለውን ተማሪ አትከልክሉ። የአገር አቋራጭ አውቶቡስ ሹፌሮችም፣ ተሳፋሪ ሽንት ቤት ሲጠይቅ እባካችሁ አቁሙለት።