የትኛውን የአራዊት ስፍራ እንምረጥ?

«ከመጠምጠም መማር ይቅደም» ይላሉ አባቶቻችን። ለጉብኝትም ቢሆን ከመነሣት አስቀድሞ መመርመር ይገባል። በክፍላችን «የዱር አራዊትን ሄደን እንይ» የሚል ሐሳብ በተነሣ ጊዜ፥ ከሁሉ በፊት «ባቢሌ!» ብዬ የጮኽሁ እኔ ነበርሁ። ዝኆን ለማየት እጓጓ ነበር፤ ስፍራውም ለድሬዳዋ ቅርብ ነው። ጉዳዩን ካጠናሁ በኋላ ግን ሐሳቤን ለወጥሁ። ምክንያቱን ከዚህ ቀጥዬ አስረዳለሁ፤ ዓመታቱ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የአመራረጡን ዘዴ ከሌላ አገር መማር ይቻላል። ስሪላንካ በሕንድ ውቅያኖስ ያለች ሞቃት ደሴት ስትሆን ብዙ ፓርኮች አሏት። ነብር ለማየት የሚሻ ሰው ወደ ያላ፥ ዝኆን የሚሻ ወደ ኡዳዋላዌ ይሄዳል። ወደ ሚኔሪያ የሚሄደው ደግሞ ደረቁን ወራት ይጠብቃል፤ በዚያን ጊዜ ዝኆኖች በግድቡ ሐይቅ ዳር ይሰበሰባሉና። ስለዚህ መጠየቅ ያለበት፥ የትኛውን እንስሳ? በየትኛው ወቅት? የሚል ነው። እኔም ሦስተኛ ጥያቄ ጨምሬአለሁ፤ መሄዳችን ለእኛም ለእንስሳውም ደኅና ነውን?

የባቢሌ መጠለያ በ1970 ለዝኆኖች የተከለለ ነው። በውስጡ የኤረርና የጎበሌ ሸለቆዎች ይገኛሉ። ዝኆኖቹ በግራርና በቁልቋል ጥሻ ውስጥ ይሸሸጋሉ፤ እንደ ወቅቱም ከስፍራ ወደ ስፍራ ይዛወራሉ። ስለዚህ እነርሱን ለማግኘት ብዙ ጊዜ ከጠባቂ ጋር በእግር መጓዝ ያስፈልጋል። በመጠለያው ውስጥ እርሻና ሰፈራ ስለ ተስፋፋ፥ ጥርሳቸውን የሚፈልግ አዳኝም ስላሳደዳቸው፥ ሰው ያስደነግጣቸዋል። የደነገጠ ዝኆን ደግሞ አደገኛ ነው። ዝኆን 22 ወር ያህል አርግዛ የምትወልደው አንድ ግልገል ነው፤ ቀጥላም እስክትወልድ ዓመታት ያልፋሉ። አንዱ ቢሞት በቶሎ የሚተካው የለም። አርባ ተማሪ እየተንጫጫ ወደዚያ ጥሻ ቢገባ ምን ይጠቅማል?

የአዋሽ ብሔራዊ ፓርክ በድሬዳዋና በአዲስ አበባ መካከል፥ ከአዲስ አበባ 225 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ ይገኛል። በ1966 ተቋቁሞ በ1969 በሕግ የጸና ሲሆን፥ ስፋቱ 756 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ነው። በኢላላ ሳላ ሜዳ ላይ ረጅምና ቀጥ ያለ ቀንድ ያለው ሳላ ይሰማራል፤ ሜዳው ገላጣ ስለሆነ ከመኪና ሳይወርዱ ማየት ይቻላል። ከርከሮ፥ እንሹ፥ አጋዘንና ዝንጀሮም አሉ። የወፎቹ ዓይነት ከ450 ይበልጣል። ፏፏቴው፥ በዘምባባ የተከበበው ፍል ውሃና የፈንታሌ እሳተ ገሞራ ተራራ ለጂኦግራፊ ትምህርት የተመቹ ናቸው። አዋሽ ወንዝ ባሕር ሳይደርስ በአፋር ምድር አቤ ሐይቅ ውስጥ እንደሚቀር የተማርነውን እዚያ ቆመን እናስታውሳለን። ሣሩ አጥሮ እንስሳው ጎልቶ የሚታይበት የበጋው ወራት ይሻላል። ሆኖም ከ2024 መጨረሻ እስከ 2025 መጀመሪያ በፈንታሌ አካባቢ ተደጋጋሚ የመሬት መንቀጥቀጥ ስለ ነበረ፥ ከመሄድ በፊት የፓርኩን ሠራተኞች መጠየቅ ግዴታ ነው።

ስለዚህ ለክፍላችን የምመርጠው አዋሽን ነው። ባቢሌን ግን አልተውሁትም፤ በጥቂቱ ሆነን፥ ከጠባቂ ጋር፥ በዝግታ የምንሄድበት ቀን ይመጣል። የሚያሳስበኝ እኛ እስክናድግ ዝኆኖቹ ይቆዩን ይሆን? የሚለው ነው። ወንድሞቼና እኅቶቼ ሆይ፥ ከዝኆን ጥርስ የተሠራ ጌጥ አንግዛ፤ በቤታችን የሚነደው ከሰል ከየትኛው ጫካ እንደ መጣም እንጠይቅ። ለዝኆኑ ከጉብኝታችን ይልቅ ይህ ይጠቅመዋል።