በሬውን ገበያ ከማውጣትዎ በፊት ማወቅ ያለብዎ

በመካነ ሰላም ዙሪያ፣ በቦረናም ሆነ በሳይንት፣ በወግዲና በለጋምቦ፣ ዝናብ ሲቀር ገበሬው እጁን አጣጥፎ አይቀመጥም። በግ ይሸጣል፣ ዘር ይለውጣል፣ ይበደራል፣ ልጁን ቆላ ይልካል። አንዳንዱ እርምጃ ለከርሞ ይጠገናል፤ አንዳንዱ ግን ቤት ያፈርሳል። ከመወሰንዎ በፊት ሁለቱን ይለዩ።

ከሁሉ በፊት በሬው። በ1880ዎቹ ክፉ ቀን የከብት ደስታ በሽታ በሬውን ስለጨረሰው፣ ሰው መሬት እያለው ማረስ አቅቶት አለቀ። ዛሬም በሬውን የሸጠ መሬቱን የእኩል ይሰጣል፤ የሚመጣው ክረምት ቢያምርም የምርቱ ግማሽ የሌላ ነው። ስለዚህ በግና ፍየል ይቅደሙ። የግድ ከሆነም ከጥማዱ አንዱን ብቻ ይሽጡና አንድ በሬ ካለው ጎረቤት ጋር መቀናጆ ይግቡ። ተራ መጠበቅ እርሻውን ያዘገየው ይሆናል እንጂ መሬቱን ከእጅዎ አያወጣውም።

ጊዜውንም ያስቡበት። ድርቁ ሲገፋ ሁሉም ከብቱን ያወጣል፤ የከብት ዋጋ ይወድቃል፣ የእህል ዋጋ ይሰቀላል። መሸጥዎ ካልቀረ ሳሩ ሳያልቅ፣ ከብቱም ሳይከሳ ይሁን። ለፋሲካ ወይም ለአረፋ ገበያ ካደረሱት ደግሞ የተሻለ ያወጣል።

ማሽላው በበልግ ዝናብ ካልበቀለ በሐምሌ ጤፍ ይተካዋል፤ ጤፉም ካልሆነ በመስከረም በቀረው እርጥበት ሽምብራ ወይም ጓያ ይዘራል። ለዚህ የሚሆን ዘር ተርፎዎታል? ጓያን በተመለከተ ግን አደራ። ድርቅ ስለማይበግረው ለረሃብ ይደርሳል፤ ለወራት እሱን ብቻ የበላ ሰው ግን እግሩ ሽባ ይሆናል፣ መድኃኒትም የለውም። በ1980ዎቹ መጨረሻ በደላንታ ከድርቅ በኋላ ብዙ ሰው፣ በተለይ ወጣቱ፣ በዚህ ተጎድቷል። ዘፍዝፈው ውሃውን ይድፉ፤ ከገብስ፣ ከስንዴ ወይም ከጤፍ ጋር ቀላቅለው ይብሉት።

ባሕር ዛፍ ጥሩ መጠባበቂያ ነው፤ ዛሬ የተተከለ ግን ለዘንድሮ ችግር አይደርስም።

ብድር ከወሰዱ መጀመሪያ የሚጠይቁት የመክፈያውን ወር ይሁን። ቀኑ እህል በሚረክስበት በጥር ከዋለ ሁለት ጊዜ ይከስራሉ። መሬት መሸጥ በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40 ክልክል ነው። ካከራዩም ውሉን በጽሑፍ አድርገው በወረዳው መሬት ጽሕፈት ቤት ያስመዝግቡ፤ ባለቤትዎም ይስማሙበት።

ልጅዎ ለሰሊጥ አጨዳ ወደ መተማ ወይም ሁመራ ሊሄድ ከሆነ፣ መንገዱ ሰላም መሆኑን ካረጋገጡ በኋላ አጎበር ያስይዙት። ቆላው ወባ ብቻ አይደለም ያለበት፤ በአሸዋ ዝንብ የሚተላለፈው ካላዛርም አለ፣ በብዛት የሚይዘውም ከደጋ የወረደውን የቀን ሠራተኛ ነው። ልጁ ሲመለስ ትኩሳቱ ሳምንታት ከቆየ፣ ከከሳና ሆዱ በግራ በኩል ካበጠ ወባ ነው ብለው አይለፉት። ጤና ጣቢያ ወስደው መተማ ሠርቶ እንደመጣ ይንገሩ። ካልታከመ ይገድላል።

ለዓረብ አገር ጉዞ ደላላ ገንዘብ ከጠየቀዎት ቆም ይበሉ። በአዋጅ ቁጥር 923/2008 መሠረት የቪዛና የደርሶ መልስ ትኬት ወጪ የአሠሪው ነው፤ ከ18 ዓመት በታች ያለን ሰው መላክም ክልክል ነው። በጅቡቲዋ ኦቦክና በየመን የሚያልፈው መንገድ በሬ ተሽጦ ከተከፈለ በኋላ እንኳ ልጅ የሚታገትበት፣ ማስለቀቂያ የሚጠየቅበት ነው። ያንን ሁሉ አልፈው ከገቡት መካከል ደግሞ በ2006 ዓ.ም. ብቻ ሳዑዲ ዓረቢያ ከ160 ሺህ በላይ ኢትዮጵያውያንን ስትመልስ ባዶ እጃቸውን የመጡ ብዙ ነበሩ።

ይህን የሚያነቡት ደሴ፣ አዲስ አበባ ወይም ጅዳ ሆነው ከሆነና ቤተሰብዎ መካነ ሰላም ካለ፣ ለመስቀል ያሰቡትን ገንዘብ በሰኔ ይላኩት። በሬው የሚሸጠው ያን ጊዜ ነው።