ስለ ዓሣ አስጋሪዎች ደዌ የተደረገ ምልልስ

ብዙ ዘመን በጣና ዳርቻ በሕክምና ያገለገሉ አንድ አረጋዊ፥ ለዓሣ አስጋሪዎች ማኅበር ጸሐፊ ሆኖ አዲስ ከተመረጠ ወጣት ጋራ የተነጋገሩት።

ወጣቱ፦ አባቴ፥ ማኅበራችን ለአባላቱ ደኅንነት ጥቂት ገንዘብ መድቧልና በምን ላይ እናውለው ብዬ ምክርዎን ልሻ መጣሁ። እኔስ ማዕበሉንና ጉማሬውን አስቤ መንሳፈፊያ ሰደርያ ይገዛ ብዬ ነበር።

አረጋዊው፦ ይገዛ፤ የደንገል ታንኳ ሲገለበጥ ዋና የሚያውቀውም ይሰጥማልና። ነገር ግን፥ ልጄ፥ ማዕበል የወሰደው ሰው ድንኳን ተጥሎ ይለቀስለታል፤ በዝግታ የሚሞተውን ግን ማንም ከሥራው ጋራ አያያይዘውም። እስኪ ንገረኝ፤ ከአባሎቻችሁ መካከል ሆዱ ያበጠ፥ ሰገራው ደም የተቀላቀለበት የለም?

ወጣቱ፦ አለ እንጂ፤ «ውሃው ነው» ብለው ያልፉታል።

አረጋዊው፦ ሳይመረምሩ እውነት ተናገሩ። ደዌው ቢልሃርዝያ ነው፤ በ1851 እ.ኤ.አ. ቴዎዶር ቢልሃርዝ የተባለ ጀርመናዊ ሐኪም በካይሮ ካገኘው ትል ወገን የሚመጣ። የታመመው ሰው በዳርቻው ሲጸዳዳ ወደ ውሃ የገባው እንቁላል ተፈልፍሎ፥ በቀንድ አውጣ ሥጋ አድሮ፥ በዚያም ለሳምንታት ከተራባ በኋላ፥ ፀሐይ ከፍ ስትል የትሉ ዕጭ ወደ ውሃው ወጥቶ፥ መረብ ሊያጥብ እስከ ጉልበቱ የገባውን ሰው በጥቂት ደቂቃ ቆዳውን ሰርስሮ ይገባበታል። ትሎቹ በአንጀት የደም ሥር ተቀምጠው የሚጥሉት እንቁላል ወደ ጉበት እየተወሰደ ጉበትን ያደርቀዋል፤ ሆድ ማበጥና ደም ማስታወክ የሚመጡት ከዚያ ወዲያ ነው።

ወጣቱ፦ መድኃኒት አለው ይባላልና ለሁሉም ብናድልስ?

አረጋዊው፦ ፕራዚኳንተል አለ፤ በክብደት ተመጥኖ ሲሰጥ ያደጉትን ትሎች ይገድላል፤ ዳግመኛ ከመያዝ ግን አያድንም። ዛሬ የዋጠ አስጋሪ ነገ ወደዚያው ውሃ ይወርዳል። «ተጠንቀቅ» ብለው የሚመክሩትንም ሰዎች፥ እውነቱን ልንገርህ፥ አላደንቃቸውም፤ እንጀራው ከውሃ ውስጥ የሚወጣ ሰው ከውሃ ምን ያህል ሊጠነቀቅ ይችላል? አሠራሩ ይለወጥለት እንጂ።

ወጣቱ፦ ዶክተር አክሊሉ ለማ ቀንድ አውጣን በእንዶድ ማጥፋት እንደሚቻል አሳይተዋል ሲባል ሰምቻለሁ፤ ልናስቆፍር ባሰብነው የዓሣ ኩሬ እንዶድ ብንጨምርበትስ?

አረጋዊው፦ እኒያ ሊቅ በ1964 እ.ኤ.አ. በዓድዋ፥ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት በታች ቀንድ አውጣዎች ሞተው አይተው፥ እናቶቻችን ከጥንት በእጃቸው የያዙትን ተክል ለዓለም ሳይንስ ያበረከቱ ናቸው፤ ክብር ይገባቸዋል። ዳሩ ግን እንዶድ ዓሣንም ይገድላል፤ ከቀንድ አውጣው ጋራ ቀረሶህን ትቀብራለህ። ይልቅስ የኩሬውን ዳር ቄጠማ እጨዱ፤ ዓሣው ከተሰበሰበ በኋላ ኩሬውን አድርቃችሁ ኖራ በትኑበት፤ ለሚገቡበትም እስከ ደረት የሚደርስ የላስቲክ ልብስ አዘጋጁ። የመረብ አጠባውም ከቀትር ወደ ማለዳ ይዛወር።

ወጣቱ፦ ከኩሬው አጠገብ ቲማቲም የሚያለሙም አሉን፤ ፀረ-ተባይ ይረጫሉ።

አረጋዊው፦ መርዙ በአፍና በአፍንጫ ብቻ ሳይሆን በቆዳም እንደሚገባ ይወቁ። ማላታይን የረጨ ሰው ምራቁ ከበዛ፥ ላቡ ከጎረፈ፥ ብሌኑ ከጠበበ፥ ልብሱን አውልቀው ገላውን በሳሙና አጥበው በፍጥነት ወደ ጤና ጣቢያ ያድርሱት። ባዶው ጀሪካን የውሃ መቅጃ አይሁን፤ መርጫውንም በቦይ ያጠበ ዓሣችሁን ይፈጃል።

ወጣቱ፦ የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የደኅንነት መሣሪያ ማቅረብን ግዴታ ያደርጋል፤ በእርሱ መጠየቅ አንችልም?

አረጋዊው፦ ማንን ትጠይቃለህ? አዋጁ ግዴታውን የጣለው በአሠሪ ላይ ነው፤ በገዛ ታንኳው የሚያሰግር ሰው ደግሞ አሠሪ የለውም። ለዚህ ነው የአሠሪውን ዕዳ ማኅበሩ በመተዳደሪያ ደንቡ ይሸከም የምለው። ሰደርያው ከተገዛ በኋላ በተረፈው ገንዘብ ዓሣ በሚወርድበት ዳርቻ መጸዳጃ ቤት ሥሩ። ለአስጋሪ ከመረብ ቀጥሎ የሥራ መሣሪያው እርሱ ነው፤ እንቁላሉ ውሃ ካልደረሰ ቀንድ አውጣው ብቻውን ማንንም አያሳምምም።

ወጣቱ፦ ከውሃውስ ምን ያህል ይራቅ?

አረጋዊው፦ በግንቦት ካየኸው ዳር ተነሥተህ አትለካ፤ ጣና በክረምት ሞልቶ በመስከረም ሜዳውን ይወርሳል። መስከረም ሲያልቅ ውሃው የደረሰበት ላይ ችካል ትከል፤ ቁፋሮው ከችካሉ ርቆ፥ ከፍ ባለው መሬት ላይ ይሁን።